በነጩ ቤት የተዘቀዘቀ ነጠላ

ከሮም ስመለስ የዕድራችን ሴቶች ከብበው የጠየቁኝ ጳጳሱን አየሽ ወይ፣ እዚያም ሳሙና በራሽን ነው ወይ፣ ብርቅነሽ ወፈረች ወይ እያሉ ነው። ጳጳሱን አላየሁም። ሳሙናው እንደ ልብ ነው። እህቴ ብርቅነሽ ግን እኔ ከደረስኩባት በኋላ ከሳች፤ ያከሳኋትም እኔው ነኝ። በዚያን ጊዜ አፍ ሞልቶ ማውራት ስለማይቻል ወሬውን ከግማሹ ቆርጬ ነገርኳቸው። ዛሬ እነዚያ ካኪ ለባሾች ከወንበራቸው ወርደዋል። ሮምን በዓይናቸው ለማያዩት ጎረቤቶቼ ሙሉውን እንደሆነው ልጻፈው።

ቅዳሜ

በአንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ የፈረንሳይኛ ጸሐፊ ነበርኩ። ቋንቋውን በልጅነቴ ያስተማሩኝ መነኮሳይያት ናቸው፤ በአለንጋም በጸሎትም ስላስተማሩኝ አልረሳውም። ድርጅቱ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ሮም ሲልከኝ፣ ለመውጫ ቪዛው ዋስ ጥሪ ተባልኩ። ዋስ የሆነችኝ የቢሮ ጓደኛዬ አበበች የልጆች እናት ናት። እዚያው ብቀር እሷ ትታሰራለች። ስለዚህ መመለሴ ገና ሳልነሳ የተቆረጠ ነገር ነበር።

ሥልጠናው የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። እኔ የሄድኩት መርዶ ይዤ ነው።

ታናሽ ወንድማችንን ይልማን በዚያ በክፉ ጊዜ ከቤት ወስደው ገደሉት። በሰፈራችን ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። ድንኳን መትከል ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ከቤት መውጣት ክልክል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቤታችን ድረስ መጥቶ «ለጸረ ሕዝብ ጥቁር የሚለብስ እሱም ጸረ ሕዝብ ነው» ብሎ እናቴን አስጠነቀቃት። እናቴ ቀን ቀን እንደ ደህና ሰው ለብሳ ገበያ ትወጣለች። ሲመሽና በሩ ሲዘጋ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ እኔም አብሬያት አዘቀዝቃለሁ። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉና ልንገራቸው፤ ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ የደህና ቀን ልብስ ነው፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ጉንጭ አጠገብ ሲሆን ግን ሐዘን ነው። ጨርቁ ያው ነው፣ ንጣቱም ያው ነው።

ሮም ያለችው ታላቅ እህቴ ግን አልተረዳችም። ደብዳቤ ይከፈታል። ባይከፈትስ መርዶ በደብዳቤ ይነገራል እንዴ? ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዟት ሴቶች ግራና ቀኟን ተቀምጠው ነው እንጂ። ስለዚህ «ይልማ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል» እያልን ጻፍን። እሷም ነጭ ሸሚዝ እየገዛች በመንገደኛ ትልክለታለች። ሸሚዞቹ እናቴ ሳጥን ውስጥ እንደታጠፉ ተደራርበዋል።

ቦሌ ላይ ሻንጣዬን የፈተሸችው ፊቷን ያጠቆረች፣ ካኪ የለበሰች ሴት ናት። ለእህቴ የያዝኩትን ሁለት ነጠላ አውጥታ ዘረገፈችው፣ በጣቶቿ ጥለቱን እያሻሸች ውስጡ የተሰፋ ነገር ፈለገች። ስታጣ በጠመኔ ሻንጣው ላይ ምልክት አድርጋ በአገጯ ሂጂ አለችኝ። ነጠላዎቹን ራሴ አጣጠፍኳቸው።

እሑድ

እትዬ ብርቄ ሮም አውሮፕላን ጣቢያ ጠበቀችኝ። አቅፋኝ ሳትጨርስ «ይልማስ? የመጨረሻው ሸሚዝ ልክ ሆነው?» አለች። ልክ ሆኖታል አልኳት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ማለትም አልተፈቀደልኝም፣ መዋሸት ነበረብኝ። ስለ እሱ የምዋሸው እስከ ሐሙስ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። ምክንያቱም ሮም ያሉ ሴቶቻችን ሁሉ ሰው ቤት አዳሪ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥራ የሚፈቱት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑዱ ገና በአውሮፕላን አለቀ። መርዶ በጎህ መነገር ሲገባው የእኛው በሰው ፈቃድ ቀን ሊነገር ሆነ።

አውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን እያሳየች አጫወተችኝ። የከተማው ጽሑፍ ግማሹ የእኛ ቋንቋ ነው፤ ፒያሳ፣ ፋርማቺያ፣ ጎሚስታ። የማያስደንቀኝ ነገር ሲበዛ እትዬ ብርቄ ትንሽ ተቀየመች። ፏፏቴውን አሳይታኝ፣ «ውሃው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይፈሳል?» ስላት ብቻ ነው ደስ ያላት፤ በእኛ ሰፈር ቧንቧ ለመቅዳት ወረፋ ነውና።

እሷ ወደ ሮም የመጣችው አዲስ አበባ የምትሠራላቸው ጣሊያኖች ቤታቸው ተወርሶ ሲመለሱ ተከትላቸው ነው። አሁን ያለችው ግን ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ ጣሊያናዊ ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ፈረንሳዊት ዘንድ ነው። ሲኞራ ትላታለች። ሲኞራዋ እኔን ቤቷ ለማሳደር የፈቀደችው፣ ማታ ማታ በፈረንሳይኛ ላነብላት ነው። ዓይኗ ደክሟል፣ ሮም ደግሞ በእናቷ ቋንቋ የሚያነብላት ሰው አጥታለች። በጣራው ሥር ባለችው የእህቴ ክፍል፣ በአንድ አልጋ ተጣበን ተኛን። እራት ከገበያው የገዛችውን ደረቅ ቃሪያ ወቅጣ በሠራችው ስጎ ፓስታ በላን፤ እንደ አገር ቤት ባይሆንም ዓይናችንን አስለቅሶናል።

ሰኞ

ቤቱን በቀን አየሁት። እንደዚያ ያለ ነጭ አይቼ አላውቅም። ግድግዳው በተጠረበ እንጨት ተለብጦ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ጠርዙ ላይ ብቻ እንደ ጥለት ቀጭን ወርቅማ መስመር ዞሮበታል። ጣሪያው በኖራ አበባ ተቀርጾበታል። መጋረጃው ስስ ሻሽ ነው፣ የአልጋው አጎበር ሻሽ ነው፣ ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰዋል። አንድ ክፍል ሙሉ ደግሞ የሲኞራዋ ቅድመ አያቶች ቀሚስ ነው፤ ዳንቴሉ፣ የውስጥ ቀሚሱ፣ የእጅ ጓንቱ ሁሉ ነጭ። የእህቴ ሥራ ያንን ሁሉ በየተራ ማጠብ፣ በአሚዶ ማድረቅና መተኮስ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሳሙና ለማግኘት ቀበሌ ሱቅ ጎህ ሳይቀድ ትሰለፋለህ፤ እሷ አንድ ሳሙና ለአንድ ቀሚስ ታጠፋለች። ነጭ ማለት የሌላ ሰው ጉልበት ነው አልኩ በልቤ።

ሲኞራዋ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ጨዋ አሮጊት ናት። እህቴን አንቺ ትላታለች፤ እኔን ፈረንሳይኛ ስለምችል እርስዎ አለችኝ። ይህ ነገር ከመጀመሪያው ከንክኖኛል።

ከሥልጠናው ስመለስ አቧራ የሸተቱ የድሮ የፋሽን መጽሔቶች ሰጠችኝና አነበብኩላት። እግዚኦ፣ ፈረንሳዮች ስለ ነጭ የሚሉት ብዛቱ። የወተት ነጭ አለ፣ የዝሆን ጥርስ ነጭ አለ፣ የዕንቁ ነጭ፣ የኖራ ነጭ። ጠዋት የሚለበስ ነጭ ማታ አይለበስም፣ ለሳሎን ግድግዳ የሚሆነው ለመኝታ ቤት ነውር ነው። አንዲት ንግሥት ስስ ነጭ ሻሽ ለብሳ ሥዕሏን ስላሠራች፣ በውስጥ ልብስ ወጣች ተብሎ አገር ታመሰ። እኛ ጸዐዳ እንላለን፣ ጥጥ የመሰለ እንላለን፣ አለቀ። ሲኞራዋ ዓይኗን ጨፍና እንደ ጸሎት ትሰማኛለች። አንድ ቦታ ላይ ግን እኔው ቆም አልኩ። ከብዙ ዘመን በፊት በፈረንሳይ ንግሥቶች ባላቸው ሲሞት ሐዘናቸውን የሚለብሱት በጥቁር ሳይሆን በነጭ ነበር ይላል። ሲኞራዋ ይቀጥሉ እስክትለኝ ድረስ ያንኑ መስመር ደጋግሜ አየሁት።

ማክሰኞ

ከሥልጠናው በኋላ ለመርዶው የሚያግዘኝ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል የእኛ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ የሚያገለግሉ አባ ዘርአ የሚባሉ የአዲግራት ካህን እህቴን ያውቋታል ብለውኝ ነበር። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፤ ሮም ላይ ግን ግዕዝ የሚያውቅ ሁሉ ዘመድ ነው።

አውቶቡስ ተሳስቼ ከከተማው ዳር ጣለኝ። ቦርሳዬን አቅፌ ቆሜ ስቀር አንዲት አትክልት ሻጭ አየችኝና ሥራዋን ለልጇ ጥላ፣ እጄን ይዛ ትክክለኛው ማቆሚያ አደረሰችኝ። በኪሴ ብርቱካን ከታ ከሾፌሩ ጋር ስለ እኔ ረጅም ንግግር አደረገች። ምን እንዳለችው ባላውቅም፣ ሰውየው በየማቆሚያው ዞር እያለ ገና ነሽ በሚል እጁን እያወዛወዘ ጴጥሮስ በር አወረደኝ።

አባ ዘርአ ነገሩን ሰምተው አማተቡ። ከዚያ ሐሙስ ከሰዓት እማማ ለተ ዘንድ ይሁን አሉኝ። እማማ ለተ ከሁሉ ቀድመው ሮም የገቡ፣ የሴቶቻችን ሁሉ እናት የሆኑ ሴትዮ ናቸው፤ በባቡር ጣቢያው አካባቢ የራሳቸው ክፍል አላቸው። አባ ሴቶቹን እሰበስባለሁ፣ አንቺ ብቻ እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ ብለው ባረኩኝ። እሺ አባታችን ብዬ ወጣሁ። ፊቴንማ ስጠብቅ ዓመታት አልፈውኛል።

ረቡዕ

የፈሩት ይደርሳል። ፊቴን ስጠብቅ እጄ አመለጠኝ።

ከሥልጠናው ከተመለስኩ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል፣ እትዬ ብርቄ ስላመጣሁላት ነጠላ ለሲኞራዋ አወራችላት። ከነዚያ ሁሉ ሻሾች የእኛው ይበልጣል ብላ ኮርታለች። «አስኒ፣ አሎራ፣ እስቲ ልበሺውና አሳያት፤ እኔ ቡናውን ላቅርብ» አለችኝ፣ ስሜን አቆላምጣ፣ እንደ ልማዷ ጣሊያንኛ ቀላቅላ። ጎን ካለችው ክፍል ገብቼ ለበስኩት። ክፍሏ ጠባብና ዝግ ናት። እጄም በዝግ ክፍል ውስጥ፣ በመሸበት ሰዓት፣ ከእናቴ ጋር ለዓመታት የለመደውን አደረገ። ምንም ሳይታወቀኝ ወደ ሳሎኑ ገባሁ።

ሲኞራዋ እጆቿን አጋጠመችና እንደ ሻሽ የሳሳ፣ እንደ ዕንቁ የነጣ ነው ብላ አደነቀች። ሁለት ዓይነት ነጭ እንዳለው፣ ዳሩ ላይ ያለው ቀለም ፊቴን እንደሚያበራው ተናገረች። እትዬ ብርቄ የቡናውን ሳህን እንደያዘች በር ላይ ቆማ አንገቴን ታያለች።

«ማን ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

ጎንበስ ስል ጥለቱን ጉንጬ ላይ አየሁት።

«እማዬ ናት?»

«እማዬ ደህና ናት።»

«ይልማ ነዋ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ አስቀመጠች፤ እጇ እንዲያ ነው የተማረው። ከዚያ ነጩ ምንጣፍ ላይ ወደቀች።

እዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ድምፅ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሲኞራዋ የታመመች መስሏት ሐኪም ልትጠራ ስልክ አነሳች። ወንድማችን እንደሞተ፣ እንዴትም እንደሞተ በፈረንሳይኛ ነገርኳት። ስልኩን አስቀምጣ ከምንጣፉ ዳር ቆመች። የሚይዛት ሴት በግራ በቀኝ የለም፣ እኔ ብቻዬን ያዝኳት። አገር ቤት ትንፋሻችንን ውጠን ያለቀስነውን እህቴ በአንድ ጊዜ አወጣችው፤ መስኮቱንም ሄጄ ከፈትኩላት፣ ሮም ይስማ ብዬ።

ሐሙስ

ጠዋት እትዬ ብርቄ ያላትን አንድ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ቁርስ ልታቀርብ ወረደች። እኔም አብሬያት ወረድኩ። ሲኞራዋ አዘነችላት፣ እጇንም ይዛ ጥሩ ቃል ተናገረች። ቀጥላ ግን ቀሚሱ እንዲወልቅ አለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ በዚህ ቤት ጥቁር እንዳይገባ ለራሷ ምላለች፤ ነገ ዓርብ ደግሞ እንግዶች አሉባት። እህቴ አንገቷን ደፍታ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ተከትዬ ለምን ዝም ትያለሽ አልኳት። «ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሷ ስም ነው፣ ምን ልበል» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋ እየሰለለ «አለቅሳለሁ ብዬ እንጀራዬን ላጣ?» አለች።

ያኔ ደሜ ፈላ። አገሬ ላይ ሊቀ መንበሩ፣ እዚህ ደግሞ ሲኞራዋ። ይልማ ስንት አገር ሊከለከል ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተመልሼ ወረድኩ።

«እመቤቴ፣ ሰኞ ማታ ያነበብኩልዎትን ያስታውሳሉ? በአገርዎ ንግሥቶች በነጭ ያዝኑ ነበር» አልኳት።

«ያ የንግሥቶች ነው» አለችኝ።

«ይልማም ለእናቱ ንጉሥ ነበር። ጥቁሩን እናወልቃለን፤ ቤቱ የእርስዎ ነው። እህቴ ግን በነጭ ታዝናለች፣ እርስዎም ሐዘን መሆኑን አውቀው ያያሉ። አገራችን ላይ ጥቁር ተከልክለናል። ለሁለተኛ ክልከላ የሚሆን ትከሻ የለንም።»

ሲኞራዋ ያንን በወርቅ መስመር የተከበበ ግድግዳዋን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ነጠላው እንዴት እንደሚለበስ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ትናንት ውበቱን ስታደንቅ የነበረውን ቀለም አሁን ቀረብ ብላ አየችው፤ ከዚያም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከሰዓት በኋላ፣ እኔም ከሥልጠናው አስፈቅጄ፣ በተባለው ቦታ ደረስን። መርዶው ቀድሞ ቢነገርም ለቅሶው አልቀረም። ሴቶቹ እማማ ለተ ክፍል አልበቃቸው ብሎ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ የአብዛኞቹም ወንድም ወይ ልጅ እንደ ይልማ የሄደ ነው። አባ ዘርአ ጸሎት ሲያደርሱ የይልማን ስም ከፍ አድርገው ጠሩ። ከሞተ ጀምሮ ስሙ በሰው መካከል ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የሕንፃው ዘበኛ ሚስት፣ ጣሊያናዊት፣ ጩኸቱን ሰምታ ልትቆጣ ወጥታ ነበር። ነገሩ ሲገባት ከቤቷ ወንበር እየተሸከመች አመጣች፣ ቆየት ብላም አንድ ድስት ትኩስ ሾርባ። እማማ ለተ «ይኸው የእኛ ዕድር» አሉ።

ዓርብ

እንግዶቹ መጡ። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ቡና አቀረበች። አንዲት ያጌጠች ሴትዮ ልብሱን አድንቃ ለበዓል ነው ወይ ብላ በፈረንሳይኛ ጠየቀች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሲኞራዋ ቀደመችኝ።

«ሐዘን ላይ ናት። ወንድሟን ገድለውባታል» አለች።

አንድ ሽማግሌ ሲኒውን አስቀምጦ ብድግ አለ። ሌሎቹም እያፈሩ ተነሱ። እህቴ ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ለምን እንደቆሙ ግን ገባት። ያቺን አሮጊት ጠዋት ማታ ሳብጠለጥላት እንዳልነበርኩ፣ ያን ቀን ከልቤ አከበርኳት። የእኛ ሊቀ መንበር አንድ ቀን እንኳ ያልተናገረውን ቃል ነው የተናገረችው።

ቅዳሜ

ሻንጣዬን ስሸክፍ እትዬ ብርቄ እዚህ ቅሪ አለችኝ። ሲኞራዋ ወረቀቱን እንደምታወጣልኝ፣ ሁለታችን አብረን እንደምንኖር አጥብቃ ለመነችኝ። አበበችስ አልኳት፣ ዋሴ። እማዬስ፣ ማታ ማታ ብቻዋን ልታዘቀዝቅ ነው? እህቴ ከአልጋው ሥር አንድ ነጭ ሸሚዝ አወጣች፤ ከመምጣቴ በፊት ለይልማ የገዛችው ነው።

«ውሰጂው። ሳጥን ውስጥ ግን እንዳታስቀምጡት። ለሚለብስ ስጡት፤ የማን እንደነበረ ተናግራችሁ» አለችኝ።

እሑድ

ጠዋት ቅዱስ እስጢፋኖስ አስቀድሰን፣ ሲመሽ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሄድን። እዚያ አልተላቀስንም፤ ለቅሷችን በቤቱ ተለቅሷል። ሌሊቱን በርረን፣ በማግስቱ ረፋድ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ሊያርፍ ሲል የቀበቶውን ምልክት ሳላይ ብድግ ብዬ ነጠላዬን ለበስኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጥለቱን አየና ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ።

ቦሌ የፈተሸችኝ ያችው ሴት ናት። ሻንጣውን ከፍታ ሸሚዙን በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው። የማን ነው አለችኝ።

«የወንድሜ። ይልማ ይባላል። ተገድሏል።»

ሴትዮዋ ያኔ አንገቴን አየች። የሲኞራዋ እንግዶች እስኪነገራቸው ያልገባቸው፣ ለእሷ ግን ሳይነገራት የገባት ነገር እዚያ አለ።

«ነጠላሽን አስተካክይ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የተስተካከለ ነው» አልኳት።

ወዲያ ወዲህ አየች። ከዚያ ያንን ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ክንዱን በክንዱ ላይ መልሳ፣ ኮሌታውን አቃንታ አጠፈችው። ሻንጣውን ዘግታ በጠመኔ ነጭ ምልክት አደረገችበት።

ወጣሁ። እናቴ ከአጥሩ ማዶ፣ ወታደሮቹ ከቆሙበት አጠገብ ትጠብቀኛለች፤ ጥለቷ ወደ ታች ወርዷል። ገና ከሩቅ አየችኝ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ፊት አዘቅዝቃ ለበሰች።